መሣሪያው ያረፈበት ገላ

ካዛንቺስ የአዳራሽ ሰፈር ነው። በየካቲት ወር 1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም በባለ ቀለም መስተዋት ሥዕል ያስጌጡት የአፍሪካ አዳራሽ ከቆመበት ዘመን ጀምሮ፣ ከቤተ መንግሥቱ አጥር ግርጌ እስከ ቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን በተዘረጋው ምድር ላይ የስብሰባ ቤት በስብሰባ ቤት ላይ ሲጨመር ኖሮ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቹ አሮጌ መኖሪያ ቤቶች ፈርሰው፣ ቡና እየተጠራራ ለዘመናት አብሮ የኖረው ጎረቤት ወደ ከተማው ዳርቻ ከተበተነ በኋላ፣ ሰፈሩን በቀድሞ መልኩ ለሚያውቀው ሰው የመንገድ ምልክት ሆነው የቀሩት ትልልቆቹ ሆቴሎችና በውስጣቸው ያሉት አዳራሾች ናቸው።

ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው ሥልጠናም ብዙ ጊዜ የሚካሄደው በእንዲህ ያለው አዳራሽ ነው። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ በየወንበሩ ፊት የተደረደረ የውኃ ጠርሙስ፣ በግድግዳው ላይ እየበራ የሚያልፍ ጽሑፍ፣ ረፋዱ ላይ ሻይና ኩኪስ፣ ማታ ላይ ደግሞ ፊርማና አበል፤ ሥርዓቱ ከአንዱ ወር ወደ ሌላው እምብዛም አይለወጥም። ይህን የምለው ለመንቀፍ ብዬ አይደለም፤ የመድኃኒትን መጠን ወይም የክትባትን ወራት ተቀምጦ መማር ይቻላል፣ የሙያ ፈቃድ ለማደስም ተከታታይ ትምህርት ግዴታ ስለ ሆነ አዳራሹ ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ፣ ይኸውም ሕመምተኛን ለማዳን በገላው ላይ የምናሳርፋቸው መሣሪያዎች ራሳቸው የሚያደርሱት ቁስል፣ ከወንበር ላይ ሆነው ሊማሩት የማይቻል ነው፤ ጉዳቱ ከመሣሪያው ሥር ተሸሽጎ ይኖራልና መሣሪያውን አንሥቶ ላልተመለከተ ሰው አይገለጥም፣ በእኛ መልክ ባለው ገላ ላይ ደግሞ መሣሪያው ተነሥቶም ቢሆን ቀድሞ የሚያገኘው እጅ እንጂ ዓይን አይደለም።

ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ በሳንባ ምች ታመው የገቡ አንድ አባት በዓይነ ሕሊናችን እናቅርብ። እስትንፋሳቸው ስለ ቸኮለ የኦክስጅን ጭንብል በፊታቸው ላይ ተደርጎላቸዋል፤ ላስቲኩ ከጆሮአቸው በላይ ዞሮ ከራሳቸው ኋላ ተስቧል፤ የጣታቸውን ጫፍ የኦክስጅን መለኪያው ቆንጥጦ ይዞታል፤ በክንዳቸው ካኑላ ገብቶ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ሽንታቸውም ከጭናቸው በታች ባለፈ ቱቦ ይወርዳል። ሌሊት ልጃቸው፣ አስታማሚ ሆኖ ከአልጋው ሥር የተኛው፣ ጭንብሉ የላላ ሲመስለው አየሩ እንዳያመልጥ ብሎ ላስቲኩን ጥቂት ይስበዋል፤ ተረኛዋ ነርስም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስታልፍ በመለኪያው ላይ 94 የሚለውን ቁጥር አይታ፣ ደስ ብሏት ወደ ሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ጧት ርክክብ ሲደረግ፣

«አባባ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። አፍንጫዬ ላይ ግን ይቆጠቁጠኛል።»

«ጭንብሉ ነው አባባ። ትንሽ ይታገሡት፣ ትንፋሽዎን የያዘልዎ እሱ ነው።»

የነርሷ መልስ የርኅራኄ መልስ ነው፤ ሐሰትም የለበትም። ሆኖም አዛውንቱ በሰባ ዓመት ዕድሜአቸው መታገሥን የተማሩ ሰው ናቸውና ከዚህ በኋላ ደግመው አይናገሩም፤ በሦስተኛው ቀን ጭንብሉ ሲነሣ በአፍንጫቸው ድልድይ ላይ የጭንብሉን ጠርዝ ልክ የያዘ፣ መካከሉ የጠቆረ ቁስል ይገኛል፤ ከጆሮአቸው ኋላም ላስቲኩ ባለፈበት መሥመር ቆዳው ተሰንጥቆ ይታያል። ሳንባቸው ድኗል፤ ፊታቸው ግን ቆስሏል።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። የቆዳ ሕይወት በደቃቃን የደም ሥሮች ውስጥ በሚፈስሰው ደም ላይ የቆመ ነው፤ ዩጂን ላንዲስ የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930 በሰው ጥፍር ሥር ባለው ቆዳ ላይ ባደረገው ልኬት፣ ደሙ ወደ እነዚህ ሥሮች በሚገባበት አፍ ላይ ያለው ግፊት በአማካይ 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆኖ አግኝቶታል። ቁጥሩ ለሰው ሁሉ የሚሠራ ሕግ ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ የደከመና ደሙ ያነሰ ሰው ከዚህ በጣም ባነሰ ጫና ይጎዳል። ዋናው ነገር ግፊቱ እጅግ ትንሽ መሆኑን ማወቅ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጣት የማይሞላ ጠንካራ ፕላስቲክ ከሥሩ ሥጋ በሌለበት አጥንት ላይ ሲያርፍ፣ ኃይሉ ሁሉ በዚያች ጠባብ ስፍራ ስለሚከማች ይህን መጠን ለማለፍ ብዙ መሳብ አያስፈልገውም።

በቅርብ ዘመን የተነሡ ተመራማሪዎች፣ በተለይም አሚት ጌፈን የተባለው የምሕንድስና ሊቅና ባልደረቦቹ፣ ለዚህ ሌላ ነገር ጨምረዋል፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ደም ሲቋረጥ ብቻ አይደለም፣ ሕዋሳቱ ራሳቸው ከቅርጻቸው ወጥተው ሲጨፈለቁ በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ፤ የሞተው ሕዋስ እብጠት ይጠራል፣ እብጠቱም ገላውን ወደ መሣሪያው ይገፋዋል፤ መሣሪያው ግን አይለጠጥም። ስለዚህም ማታ በልኩ የታሰረው ላስቲክ ማንም ሳይነካው ጧት ጠብቆ ይገኛል። በዚህ ላይ ከጭንብሉ ሥር የሚታፈነው የትንፋሽ እርጥበትና ላብ ቆዳውን አልስልሶ ለመላጥ ያዘጋጀዋል።

ለሰው መናገሩ ነውር ቢመስልም፣ ይህን ነገር ባላገሩ ከሐኪሙ ቀድሞ ያውቀዋል፤ አህያውን ጭኖ ከገበያ የተመለሰ ሰው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ እጁን ከወደላው ሥር ሰድዶ ጀርባዋን ይዳብሳል፣ ገጣባ ከወጣ በኋላ ለወራት እንደማትጫን ያውቃልና።

ሕክምናው ለዚህ ጉዳት የራሱን ስፍራ የሰጠው ዘግይቶ ነው። የጫና ቁስልን ጉዳይ የሚከታተለው የአሜሪካ ብሔራዊ አማካሪ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ተሰብስቦ ስያሜዎቹን ባስተካከለ ጊዜ፣ ከመሣሪያ የሚመጣውን የጫና ጉዳት ለብቻው ለይቶ፣ ቁስሉ በአብዛኛው የመሣሪያውን ቅርጽ ይዞ እንደሚወጣ በፍቺው ውስጥ አስገባ፤ በአፍ፣ በአፍንጫና በሽንት መውጫ ውስጠኛ ስስ ልባስ ላይ የሚወጣውን ደግሞ፣ ያ ልባስ የቆዳን ያህል ድርብርብ ስለሌለው፣ እንደ ሌላው ቁስል በደረጃ እንዳይመደብ ወሰነ። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጆይስ ብላክና ባልደረቦቿ በኔብራስካ ባደረጉት ጥናት በሆስፒታል ከተቀሰቀሱት የጫና ቁስሎች ውስጥ 34.5 ከመቶ የሚሆኑት ከመሣሪያ የመጡ ሆነው ተገኝተው ነበር፤ መሣሪያ የተደረገለት ሕመምተኛም ካልተደረገለት ይልቅ የጫና ቁስል የማግኘት ዕድሉ 2.4 እጥፍ ነበረ።

ይህ ቁጥር ያስደነገጠበት ምክንያት አለው። ነርሶች ለዘመናት የተማሩት የአልጋ ቁስል ከዳሌ፣ ከታፋና ከተረከዝ ላይ እንደሚወጣ ነው፤ መድኃኒቱም ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጡት፣ በዓለም ሁሉ የተሠራጨው የአደጋ መመዘኛም ስለ ስሜት፣ ስለ እርጥበት፣ ስለ እንቅስቃሴና ስለ ምግብ ይጠይቃል እንጂ ሕመምተኛው በገላው ላይ ምን እንደ ተደረገለት አይጠይቅም። አዛውንቱን በየሁለት ሰዓቱ ብታገላብጡአቸው ጭንብሉ አብሮአቸው ይገለበጣል፤ በመመዘኛው ላይ መልካም ነጥብ ያገኘ፣ ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ወጣትም በአንገቱ ዙሪያ በታሰረ ኮላር አገጩ ሥር ሊቆስል ይችላል። ለሕፃናት የተዘጋጀውና መሣሪያን ራሱን የሚቆጥረው የተሻሻለ መመዘኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የጫና ጉዳት የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ቆዳው ሳይላጥ የቀላ፣ በጣት ሲጫኑትም የማይነጣ ስፍራ ነው፤ በሥዕሉ ላይ የሚታየውም ገላ የፈረንጅ ገላ ነው። ከዚህ መጽሐፍ የተማረች ነርስ መቅላትን ለማየት ዓይኗን አሠልጥና ወደ ዎርዱ ትገባለች፤ በዎርዱ ውስጥ ግን የተኙት ጠይም፣ ቀይ ዳማና ጥቁር ሰዎች ናቸው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም፣ ወይም ቢታይ እንኳ ጥላ ይመስላል፤ በጣት ተጭነውት ቢለቁትም ሲነጣና ሲመለስ አይለይም። እንግዲህ ምልክቱን ስትጠብቅ የመጀመሪያው ደረጃ አልፎ ቆዳው በተላጠ ጊዜ ታየዋለች፤ በወረቀት ላይ ሲጻፍም ቁስሉ በድንገት የመጣ ይመስላል። በአሜሪካ በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች የተደረገ ጥናት የጫና ቁስል በጥቁሮች ላይ ከነጮች ይልቅ እንደሚበዛ ካሳየ በኋላ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ የምልክት ዕውርነት ሳይሆን እንደማይቀር ብዙ ተጽፏል፤ ይሁን እንጂ እዚያ ጉዳዩ የጥቂቶች ጉዳይ ሲሆን፣ እዚህ ወደ ዎርዱ የሚገባው ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው።

የመለኪያው 94 ቁጥርም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል። ጣትን የሚቆነጥጠው የኦክስጅን መለኪያ በብርሃን የሚሠራ ስለ ሆነ ጥቁር ቆዳ ንባቡን ያሳስተዋል፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የታተመ ጥናት፣ መለኪያው ከ92 እስከ 96 ባሳየባቸው ሕመምተኞች የደም ኦክስጅናቸው በእውነቱ ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከጥቁሮች 11.7 ከመቶ፣ ከነጮች ግን 3.6 ከመቶ እንደ ሆነ አሳይቷል። እንግዲህ ያው መሣሪያ ጣቱን ይጫናል፣ ቁጥሩንም ያሳምረዋል፤ ነርሷም በቁጥሩ ተደስታ ጣቱን ሳታይ ታልፋለች።

ዓይን ባልበቃበት እጅ ይሠራል። የተጎዳው ስፍራ በመጀመሪያ ከአካባቢው ይልቅ ይሞቃል፣ ኋላም ደሙ ሲሸሽ ይቀዘቅዛል፤ ጠንከር ብሎ ይደድራል ወይም በተቃራኒው ውኃ የቋጠረ ያህል ይለሰልሳል፤ ቀለሙ ከቀይ ይልቅ ወደ ጥቁር ሐምራዊ ያደላል፣ ላዩም ሊያብረቀርቅ ይችላል፤ ሕመምተኛው መናገር የሚችል ከሆነ ደግሞ ይቆጠቁጠኛል፣ ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል ይላል። ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ የአዛውንቱ ቃል ምርመራ ነበረ፣ ነርሷ ግን ምሬት አድርጋ ሰማችው።

ትምህርቱ በአልጋ ዳር ሲሰጥ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አስተማሪዋ፣ ማትሮን ወይም በሥራው የቆየች ሲስተር ልትሆን ትችላለች፣ ሦስት ወይም አራት ነርሶችን ይዛ ወደ አንድ አልጋ ትቀርባለች፤ ሕመምተኛውን ሰላም ብላ፣ ፈቃዱን ጠይቃ፣ በመጀመሪያ መሣሪያዎቹን ከራስ እስከ እግር እንዲቆጥሩ ታዛለች። ሁልጊዜም ከቆጠሩት የሚያመልጣቸው አለ፤ ከጀርባው ሥር የተረሳ የሞኒተር ሽቦ፣ በአንሶላ ተሸፍኖ ከጭኑ በታች የተጫነ የሽንት ቱቦ፣ የካኑላው ክዳን፣ አንዳንድ ጊዜም የመርፌ ቆብ። ቀጥሎም አንዲቱ ነርስ ጭንብሉን አንሥታ፣ በሌላዋ እጅ ኦክስጅኑ ሳይቋረጥ ተይዞ፣ የጣቷን ጀርባ በአፍንጫው ድልድይ ላይ ታሳርፋለች፤ ከዚያም ባልተነካው ጉንጭ ላይ፤ ከዚያም እንደገና በድልድዩ ላይ። ልዩነቱን እስክትናገር ድረስ አስተማሪዋ ዝም ትላለች። የፍሎረሰንት አምፖል ቀለምን ስለሚያዛባ መስኮቱ ይከፈታል። ከጆሮ ኋላ ሲደርሱ ግራውን ከቀኝ፣ ከጣት ሲደርሱ አንዱን ጣት ከሌላው ያወዳድራሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ትክክለኛው መጽሐፍ የራሱ ሌላው ወገን ነውና።

ዓለም አቀፉ መመሪያ በመሣሪያ ሥርና ዙሪያ ያለው ቆዳ ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲታይ፣ ገላው ያበጠ ሰው ከሆነም ከዚያ እንዲበዛ ያዛል። የሚደረገውም ብዙ አይደለም። በአፍ የገባው የትንፋሽ ቱቦ ከአንዱ የከንፈር ጥግ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ የቱቦው ፊኛም ግፊት በመለኪያ ታይቶ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ መካከል ይጠበቃል፤ በአፍንጫ የገባው የምግብ ቱቦ ወደ ላይ ተስቦ አፍንጫውን እንዳይከረክር ወደ ታች እንዲያርፍ ተደርጎ ይለጠፋል፤ የመለኪያው ቆንጣጭ ጣት ይቀይራል፤ ላስቲኩ አየሩ እንዳይባክን የሚበቃውን ያህል ብቻ ይጠብቃል፤ የማያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ ቀላል ሲሆን ከሁሉ ይልቅ የሚረሳ ነው፤ ሽንቱን በራሱ መሽናት ከጀመረ በኋላ ቱቦው የሚቆይበት ሰው ጥቂት አይደለም።

አንዳንድ አስተማሪዎች ነርሶቹን ራሳቸውን ጭንብል አስረው እንዲቀመጡ ያደርጋሉ። ግን ለአብዛኞቹ ይህ ትምህርት ቀድሞ ደርሷቸዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከታወጀ በኋላ፣ በኤካ ኮተቤና ሆስፒታል በሆነው በሚሊኒየም አዳራሽ የሠሩት ነርሶች ጥብቁን ጭንብል ለረጅም ሰዓት አድርገው ሲያወልቁት በአፍንጫቸውና በጉንጫቸው ላይ የቀረውን ምልክት በመስተዋት ያውቁታል። በቻይና በዚያው ዓመት ከ4,300 በላይ በሆኑ የጤና ባለሙያዎች ላይ በተደረገ ጥናት 42.8 ከመቶ የሚሆኑት በመከላከያ ልብሳቸው የተነሣ የቆዳ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ያን ጊዜ በራሷ ፊት ላይ ያየችውን በሕመምተኛዋ ፊት ላይ የምታስብ ነርስ ትምህርቱን ግማሽ ጨርሳለች።

ከሁሉ የሚከፋው በአራስ ሕፃናት ክፍል ነው። ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ ሕፃን ሳንባው እንዳይጨማደድ በአፍንጫው በኩል የማያቋርጥ ግፊት ያለው አየር ይሰጠዋል፤ ይህ ሕክምና፣ በተለይም በውኃ ጠርሙስ የሚሠራው ርካሽ ዓይነት፣ በአገራችን ብዙ ነፍስ የሚያድን ነው። ነገር ግን ሁለቱ ትናንሽ ቱቦዎች በአፍንጫው ቀዳዳዎች መካከል ባለው ስስ ግድግዳ ላይ ሲጫኑ፣ ያ ግድግዳ ከወረቀት ብዙ የማይወፍር ስለ ሆነ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበልቶ የአፍንጫው ቅርጽ ለዕድሜ ልክ ሊበላሽ ይችላል። ሕፃኑ አያማርርም፤ ስለዚህ በቱቦውና በግድግዳው መካከል የምትታይ ትንሽ ክፍተት ሁልጊዜ መኖሯን የምትጠብቅ ነርስ ታስፈልገዋለች፣ ቆቡ ወደ ላይ ሲንሸራተት ቱቦውን አብሮ እንደሚስብም የምታውቅ።

የነርስ ትምህርት በአገራችን ከመጀመሪያው በአልጋ ዳር የተሰጠ ነበር። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲመረቁ፣ የዚያ ዘመን ተማሪ ነርስ ቀኑን የምታሳልፈው ሕመምተኛ በማጠብና በማንሣት ነበር፤ ልዕልቲቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ገና ሥራቸውን ሳይጀምሩት በሚባል ጊዜ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፉ፤ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታልም ኋላ የነርሶች ማስተማሪያ ሆነ። ከካዛንቺስ ወደ ፍል ውኃ ሲወርዱ የሚገኘውና ሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ያቋቋሙት የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልም በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት እስኪዛወር ድረስ በሚሲዮን ወግ የኖረ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የሚታየው መሣሪያ ግን ጥቂት ነበር፤ ዛሬ በአንድ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ላይ የሚገኘው ሽቦና ቱቦ ያን ጊዜ በአንድ ሙሉ ዎርድ አይገኝም ነበር። መሣሪያው ሲበዛ ዓይናችን ወደ መሣሪያው ሄዶ ገላው ተረሳ ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በአገራችን የተደረጉት ጥናቶች የሚነግሩን ሁኔታውን በጠቅላላው ነው። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ተኝተው ከታከሙት 16.8 ከመቶ የሚሆኑት የጫና ቁስል እንደ ነበረባቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል፤ በዓመቱ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነርሶች ላይ የተደረገው ጥናት ደግሞ መልካም ዕውቀት ያላቸው 54.4 ከመቶ፣ መልካም አሠራር ያላቸው 48.4 ከመቶ መሆናቸውን አሳየ። በአዲስ አበባ በስድስት የመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ 222 ነርሶች እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናት ምን እንዳገዳቸው ሲጠየቁ፣ 83.1 ከመቶ የሥራ ብዛትንና የሰው እጥረትን፣ 67.7 ከመቶ የዕቃ እጦትን፣ 63.2 ከመቶ የሥልጠና ማነስን ጠቅሰዋል።

ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። ሥልጠና ሦስተኛ ነው። ለብዙ አልጋ አንዲት ነርስ በምትቆምበት ሌሊት፣ መሣሪያ ሁሉ እያነሡ መዳሰስ ያስፈልጋል ብሎ መምህር መሆን ቀላል ነው፤ እርሷ የጎደላት ዕውቀት ሳይሆን ሰዓት ነውና። ስለዚህ ምርመራው አዲስ ሥራ ሆኖ ከመጨመር ይልቅ ቀድሞ ባለው ሥራ ውስጥ ቢገባ ይሻላል፤ ሙቀት ሲለካ ጆሮ ኋላ ይታይ፣ መድኃኒት በካኑላ ሲሰጥ ከክዳኑ ሥር ይዳሰስ፣ በርክክቡም ጊዜ ተረካቢዋ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከመሣሪያው ሥር ያለውን ቆዳ ከአስረካቢዋ ጋር አብራ ትይ። አስታማሚውም ይማር፤ ላስቲክ እንዳይስብ፣ ይቆጠቁጠኛል የሚል ቃል ሲሰማ እንዲጠራ። በእኛ ሆስፒታሎች ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋው ሳይለይ የሚያድር ከእርሱ በቀር ሌላ ሰው የለም።

ስለ ዕቃም አንድ ነገር ልበል። በአፍንጫ ድልድይ ላይ የሚለጠፈው የሲሊኮን ፎም መልካም ነው፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይገኝም። በእርሱ ፈንታ ጎዝን አጥፎ አጥፎ ከጭንብሉ ሥር መወተፍ ግን ላስቲኩን የበለጠ ስለሚያጠብቀው ጫናን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጓንትን ውኃ ሞልቶ ከተረከዝ በታች ማድረግም፣ በብዙ አገር ነርሶች እጅ የኖረ ብልሃት ቢሆንም፣ መመሪያዎቹ የከለከሉት ነው፤ ያችን ትንሽ ስፍራ ብቻ ስለሚገፋ። ከባቱ በታች ትራስ አድርጎ ተረከዙን በአየር ላይ ማስቀረት ምንም ወጪ የለውም።

ሌላው እንቅፋት ኀፍረት ነው። የአልጋ ቁስል የነርስ ስንፍና ምልክት ተደርጎ ስለሚቆጠር ቁስሉ ሲገኝ የሚጻፈው በአጭሩ ነው፣ ወይም አይጻፍም፤ ቢጻፍም ከየትኛው መሣሪያ ሥር እንደ ወጣ አይገለጽም። ይህ ሳይጻፍ ደግሞ ጥፋቱ የእጅ ይሁን የዕቃ፣ የዚያ ዓይነት ጭንብል ጠርዝ ለሁሉም ሰው የሚከረክር ይሁን አይሁን፣ ግዢ የሚፈጽመው ክፍል የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ሥልጠና በአገራችን መሣሪያ የሚያደርሰውን ጉዳት ሊቀንስ መቻሉን የሚጠራጠር ሰው ካለ፣ ማስረጃው የሚገኘው ከነርሶች ዘንድ ሳይሆን ከወጌሾች ዘንድ ነው። ወጌሻ የተሰበረ እጅ ወይም እግር በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ አጥብቆ ሲያስር፣ እብጠቱ እየጨመረ ማሰሪያው ግን ሳይላላ ቀርቶ፣ ደም ተቋርጦ ጣቶቹ ጠቁረው ወደ ሆስፒታል የሚመጣው ልጅ በአገራችን ቀዶ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ መከራ ነው፤ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ መቁረጥ ነው። ጉዳቱ ከአፍንጫው ቁስል ይልቅ የጠለቀና የከፋ ቢሆንም የአመጣጡ መንገድ ያው ነው፤ የሚያብጥ ገላና የማይለጠጥ ማሰሪያ። አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ባሳተመው ጥናት፣ በገጠር ሆስፒታል አካባቢ ለሚኖሩ ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡት እጆችና እግሮች ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል። ወጌሾቹን ከሥራቸው ማስወጣት አላስፈለገም፤ ሰው ከእነርሱ ዘንድ መሄዱን እንደማይተው የታወቀ ነበርና።

ወጌሻም ሆነ ነርስ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ተመሳሳይ ነው። ስብራቱ በሐኪም ቤት በጀሶ ቢታሰርም የጣቶቹ ጫፍ ከማሰሪያው ውጭ ይቀራል፤ በመጀመሪያው ሌሊት በየጊዜው ይታያል፣ ሙቀቱ ከሌላው እጅ ወይም እግር ጋር ይወዳደራል፣ ሕመምተኛው ጣቶቹን እንዲያንቀሳቅስ ይጠየቃል። ማስታገሻ ወስዶ ሕመሙ የባሰበት፣ ወይም ጣቶቹ የደነዘዙበት ሰው እስኪነጋ እንዲታገሥ አይነገረውም፤ ጀሶው በዚያው ሰዓት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ ከሥሩ ያለው ጥጥና ፋሻም እስከ ቆዳው ድረስ ይቆረጣል፣ ሐኪሙም ይጠራል።